የመድፉ ሸራ

ጣሊያን ወላይታን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሆነ ነው። ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ዛሬም ዝናብ ጠንከር ብሎ ቆርቆሮውን ሲመታው ትዝ ይለኛል።

ቤታችን ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከሶዶ በሚወርደው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ በዚያ ሰሞን ከአርበኞች ጋር ጫካ ነበር፤ ቤት የነበርነው እናቴና እኔ ብቻ ነን። በመንገዱ በኩል ለመስቀል ያቆየናቸው ሰባት የደረሱ እንሰቶች ነበሩን። ሌላ የምንጠብቀው ምግብ አልነበረም።

ክረምት ነው። አንድ ቀን ጠዋት መድፍ የሚጎትት ትልቅ የጦር መኪና በራችን ፊት ጭቃ ያዘው። መንኮራኩሩ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። መድፉ አረንጓዴ ሸራ ለብሶ ከኋላው ታስሯል። ነጂው ሞተሩን ባስጓራ ቁጥር መኪናው ይበልጥ ይሰምጣል። ወታደሮቹ አጥራችንን ጥሰው ገቡና እንሰት እየቆረጡ ከመንኮራኩሩ ሥር ይጎዘጉዙ ጀመር። ሁለት እንሰቶች ወደቁ። መንኮራኩሩ ግን ባለበት ይሽከረከራል።

ሦስተኛውን ሊቆርጡ ሲሉ እናቴ ወጣች። ከወታደሮቹ ጋር የነበረውን አስተርጓሚ፣ "ወንድሜ፣ እርጥብ እንሰት እኮ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ንገራቸው" አለችው።

"አንቺ ደግሞ መኪና መቼ አወቅሽና ነው?" አለ እየሳቀ።

"መኪናውን አላውቀውም። ጭቃውን ግን አውቀዋለሁ።"

መልስ ሳትጠብቅ ገባችና የምንተኛበትን የደረቀ የእንሰት ቅጠል ታቅፋ ወጣች። መኝታችን እሱ ነበር። እኔም የቻልኩትን ተሸከምኩ። ጎዝጉዛ ስትጨርስ ነጂውን በእጇ ቀስ በል አለችው። መንኮራኩሩ ደረቁን ነክሶ ያዘ፤ መኪናው መድፉን ይዞ ወጣ።

ነጂው ወረደ። ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነበር። ጭቃ የዋጠውን መኝታችንን አየ፤ በተከፈተው በር ባዶውን መደብ አየ። ከዚያ የመድፉን ሸራ ፈትቶ አመጣላት። እናቴ እጇን አልዘረጋችም።

"ተቀበይው እንጂ፤ ይህን በመስጠቱ እኮ ይቀጣል" አላት አስተርጓሚው።

"ስጠኝ አላልኩትም።"

ነጂው ሸራውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። መድፉ ዝናብ እየመታው ራቀ።

ሸራው ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተ። ጎረቤት "ምነው አታነሺውም?" ሲላት "ይድረቅ" ትላለች። ዝናቡ ግን አላባራም። በሦስተኛው ቀን እኔ ማሳል ስጀምር አውርዳ አራገፈችና መደቡ ላይ አነጠፈችልኝ።

ጣሊያን ወጥቶ ትምህርት ቤት ስገባ ከሸራው ጫፍ ቆርጣ የደብተር ቦርሳ ሰፋችልኝ። ሁለተኛ ደረጃ እስክጨርስ ያዝኩት። ደብተሬ ረጥቦ አያውቅም።

ካደግኩ በኋላ አንድ ጊዜ ጠየቅኋት። "እማዬ፣ መድፉ እነ አባቴን ሊወጋ ነበር እኮ የሚሄደው። ለምን አወጣሽላቸው?"

"እንሰቱ ሁሉ ቢወድቅ አባትሽ ሲመጣ ምን ይበላ ነበር?" አለችኝ።

በእኛ አገር ለመስቀል ከቤቱ የሚቀር ሰው የለም። አባቴም በዚያ ዓመት ተደብቆ መጣ። አምስቱ እንሰቶች ቆመው ጠበቁት።

ያን ነጂ ወዳጅ ልለው አልችልም። ቦርሳውን ግን እስካሁን አልጣልኩትም።