አዴ ፋጡማ ሌባ ያሉኝ ቀን

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሮቤ ውስጥ ልብስ ሰፊ ሳለሁ ነው። ሰው «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ብሎ ሲምል በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

አንድ ማለዳ ክር ልገዛ በአውቶቡስ ጎባ ሄድኩ። ገና እንደወረድኩ አንድ ፖሊስ «ጓድ፣ ለአፍታ ተባበረን» ብሎ ጣቢያ ወሰደኝ። በቅሎ በመስረቅ የተጠረጠረ ሰው ተይዟል። ባለበቅሎዋ ከሌሎች መሃል እንዲለዩት ሰልፍ ቢዘጋጅም ሰው ጎድሏል። በዚያ ዘመን ፖሊስ «ተባበረን» ሲል እምቢ የሚል የለም፤ ከተጠርጣሪው አጠገብ ቆምኩ።

ባለበቅሎዋ አዴ ፋጡማ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ሌባው በቅሏቸውን ከደጅ ፈትቶ ሲነዳ በጉም ውስጥ አይተውታል። ሰልፉን እያዩ መጡና እኔ ጋ ሲደርሱ ትከሻዬን ያዙ።

«ወላሂ፣ ይሄ ነው።»

ሳቅኩ። ከእኔ ሌላ የሳቀ የለም። ተጠርጣሪው ብቻ እፎይ አለ። እኔን ወስደው ቆለፉብኝ።

እስር ቤት ተቀምጬ ሳስብ ሴትየዋ ትዝ አሉኝ። ለካ በአውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ ትከሻቸው ላይ ተኝቼ ነበር! የጣቢያው ኃላፊ ለነበረው መቶ አለቃ ነገርኩት። አዴ ፋጡማ ተጠይቀው ግን ፍንክች አላሉም፤ የሌባቸው ፊት እንደማይጠፋቸው ደግመው ማሉ። እርግጠኝነታቸው ብሶ ብሶ እኔም በቅሎዋ የጠፋች ቀን የት እንደነበርኩ መጠራጠር ጀመርኩ።

መቶ አለቃው ረጋ ያለ ሰው ነበር። አቤቱታቸውን በመጀመሪያ የተቀበለው ራሱ ነው። አሮጊቷን ሻይ ጠጥተው እንዲመለሱ ላካቸው። ከዚያ የደንብ ልብሱን አውልቆ የእኔን ኮት ለበሰና ሰልፉ ውስጥ ገባ። እኔን ከበር ኋላ አቆመኝ።

አዴ ፋጡማ ተመልሰው ሰልፉን አዩ። ሳያመነቱ የመቶ አለቃውን ክንድ ጨበጡ።

«አዴ፣ እኔን የት ነው የሚያውቁኝ?» አላቸው በትሕትና።

«በቅሎዬን ስትነዳ ነዋ!»

ፖሊሶቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። መቶ አለቃው ኮቴን እየመለሰልኝ ሴትየዋ የሰው ፊት እንደማይረሱ፣ የሚጠፋቸው የት እንዳዩት እንደሆነ ነገረኝ። ተጠርጣሪውንም እኔንም ለቀቀን።

በኋላ በቅሎዋ ተገኘች። የወሰዳት የገዛ አማቻቸው ነው። ጊኒር ገበያ ሊሄድባት ሲነዳት፣ ሚስቱ ለእናቷ የነገረች መስሎት ነበር። በጉም ውስጥ የልጃቸውን ባል አልለዩትም።

አዴ ፋጡማ አፈላልገው ሱቄ ድረስ መጡ። የሃረና ጫካ ማር ይዘው ይቅርታ ጠየቁኝ፣ መረቁኝም። ሊሄዱ ሲሉ ግን በሩ ላይ ቆመው ፊቴን አተኩረው አዩ።

«ልጄ፣ አማቼ ባይሆን ኖሮ ግን አንተ ነበርክ።»

አልተቀየምኳቸውም፤ ማሩም ጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ በቅሎ በታሰረበት ደጅ ሳልፍ እስከ ዛሬ እጄን ከኪሴ አላወጣም።