ነጩን ዓይን ያጠቆርኩበት አልበም

እዚህ ባህር ማዶ፣ ቻምብሊ ከተማ ወዳለችው ስቱዲዮዬ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚከፍለኝ ሌላ ሰው እንዳደርገው ነው። ሙሽራዋ ቀላ አድርገኝ ትላለች፣ አባቷ ቦርጬን አጥፋልኝ ይላል፣ እናቷ የፊቴ መስመር እንዳይታይ ትለኛለች። እኔም አጠፋለሁ፤ እንጀራዬ ነው።

ሰው ፎቶ የመልክ ነገር ይመስለዋል። የብርሃን ነገር ነው። ፀሐይና አምፖል የራሳቸው ብርሃን አላቸው፤ ጨረቃ፣ የወርቅ ሀብል፣ ላብ ያወዛው ግንባር ግን ያረፈባቸውን ነው የሚመልሱት። ዓይንም እንደዚያው ነው። ፍላሽ ሲበራ ብርሃኑ በብሌኑ ገብቶ ከኋላ ያለውን ደም የሞላበት ግድግዳ ይነካና ቀይ ሆኖ ይመለሳል። ደንበኛ ቀይ ዓይን ስለማይወድ በአንድ ክሊክ አጠቁረዋለሁ።

እዚህ አገር ልጅ ክርስትና የሚነሳው በአርባ ቀኑ ቢሆንም ድግሱ አዳራሽ ሲገኝ ነው። ሊልበርን የሚኖሩ ባልና ሚስት ወንድ ልጃቸው ስምንት ወር ሲሞላው ለድግሱ ጠሩኝ። ልጁ ሳቂታ ነበር፤ ካሜራውን ሊይዝ ይንጠራራል። ፎቶዎቹን ከፍቼ ሳይ አስራ አንዱ ላይ ቀኝ ዓይኑ ቀይ፣ ግራው ነጭ ሆኖ መጣ፤ የድመት ዓይን ይመስላል። ተናደድኩ። ኮምፒውተሩ ማጥፋት የሚያውቀው ቀዩን ብቻ ስለሆነ ነጩን አንድ በአንድ በእጄ መቀባት ነበረብኝ። አንግሉ ነው የተበላሸው ብዬ ሁለቱንም እኩል አጥቁሬ አስረከብኩ። እናትየው አልበሙን አይታ መረቀችኝ፤ አሜን አልኩ።

በዓመቱ የልጁ ግራ ዓይን በሰርጀሪ ወጣ። ዕጢ ነበር። ሐኪሙ ያላቸውን ከሰው ሰማሁ። ዕጢው ነጭ ስለሆነ ብርሃኑ ቀዩ ግድግዳ ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል፤ ቀድሞ ቢታወቅ ዓይኑ ሊተርፍ ይችል ነበር፤ በፍላሽ የተነሳ የድሮ ፎቶ የላችሁም ወይ ብሎም ጠይቋቸዋል። ይህን የሰማሁ ቀን ምሳዬን ጨርሼ በላሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሦስቱም ስቱዲዮዬ መጡ። የልጁ ዓይን ተሸፍኗል። አባትየው አልበሙን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። በድግሱ ቀን ሁለቱም ዓይኑ እኩል ነው አለ። እሱ ቀኑን ሙሉ መኪና ሲነዳ ነው የሚውለው፤ ከዚያ በኋላ ልጁ የዋለው እሷ እጅ ላይ ነው፤ ወይ ጥላዋለች፣ ወይ አይታ ደብቃዋለች ባይ ነው። ዕጢ ከመውደቅ አይመጣም ቢባልም አልሰማም። እናትየው ልጁን እንደታቀፈች ቆማለች፤ ቁጭ በይ ብላት አልተቀመጠችም።

ያልተነካኩት ፎቶዎች ያሉበት ዲስክ ከኋላዬ መሳቢያው ውስጥ ነበር። አውጥቼ ባሳየው ዕጢው ያኔም እንደነበረ ያያል፣ እሷም ነፃ ትወጣለች። እኔ ግን በሳምንቱ ስሜ ከተማውን ያዳርሳል፤ ከዚያ በኋላ ማን ለድግስ ይጠራኛል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። መሳቢያውን ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ።

«ወንድሜ፣ ሙያህ ነው» አለኝ አባትየው። «ስታነሳው ዓይኑ ኖርማል ነበር አይደል? ኤዲት ምናምን አላደረግክም?»

«አላደረግኩም» አልኩት። «ደህና ነበር።»

አልበሙን ዘግቶ ብብቱ ስር ከተተ። ሚስቱን አንዴ አያትና ወደ በሩ ሄደ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ጠጋ ብላ፣ ልጁን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛውራ፣ እንደምነግራት አምና ጠየቀችኝ።

«ታዲያ ምን አድርጌው ነው?»