መሲና የተባለችው ላም

ጎህ ሳይቀድ ላም ሳታቋርጥ ስትጮህ ከሰማሁ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። መቱ ባደግኩበት ቤት ያን ጩኸት እኛ ሴቶቹ ሁላችንም እንሰማው፣ ምን ማለት እንደሆነም ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሴት ሆና «ላሟ ኮርማ ፈለገች» ብላ አፏን የከፈተች ግን ለአባቴ ባለጌ ነበረች።

ላማችን ዳለቻ፣ እናቴ ከቡሬ ስትዳር አባቷ የሰጧት ጊደር ልጅ ነበረች። በዚያ ቤት የእናቴ የሚባል ከእሷ ሌላ ምንም አልነበረም። ክረምት ሲገባ አባቴ የቡና ችግኜን ትረግጥብኛለች እያለ በረት ውስጥ አስሮ ያከርማት ነበር፣ ጭድ ብቻ እየበላች ጎኗ ገብቶ አጥንቷ ይቆጠር ነበር። ስትጮህ እናቴ ከጭራዋ ስር የተዝለገለገውን ፈሳሽ እያየች፣ ፍጉን እየጠረገች ዝም ትል ነበር። አባቴ ልብ የሚለው በማግስቱ ነው፤ ያኔ በጭቃው እየጎተተ የኮርማው ባለቤት ኦቦ ዳባ ዘንድ ይወስዳታል፣ እሷም ኮርማውን ትሸሻለች።

«ደርቤራ፣ ጊዜዋ አልፎባታል» ይሉት ነበር ኦቦ ዳባ፣ ኦሮምኛና አማርኛውን ቀላቅለው። «ትናንት ጠዋት የት ነበርክ፣ አንተ ሰው?»

አባቴ ንዴቱን የሚወጣው እናቴ ላይ ነበር። «የአባትሽ ስጦታ ይህችው ናት! የማትወልድ መሲና አስታቅፈው ላኩሽ። እስከ መስቀል ካላረገዘች ለቅርጫ ትሄዳለች!»

ነሐሴ ላይ እንደገና ጮኸች። አባቴ ከእንግዳ ጋር ቁርስ ሊቀርብ እጁን ሳስታጥበው፣ «አባባ፣ ዳለቻ ኮርማ ፈልጋለች፤ ዛሬውኑ ትሂድ» አልኩት።

እንግዳው ሳቀ። «ተማሪ ቤት ይህንንም ያስተምራሉ እንዴ?»

አባቴ በጥፊ አጮለኝ። ዳለቻንም እልህ ይዞት በማግስቱ እንኳ ሳይወስዳት ቀረ።

መስቀል ሳይደርስ አንድ የቡሬ ነጋዴ ከአባቴ ገዝቶ ነድቷት ሄደ፣ እናቴም በር ላይ ቆማ ሸኘቻት። ሰውየው ለእርድ ከስታለች ብሎ ከከብቶቹና ከኮርማው ጋር ሜዳ ላይ ለቀቃት፤ በዓመቱ ወለደች። ወሬው ሲደርሰው አባቴ፣ «የቡሬ ሣር ነው» አለ። አላፈረም።

አሁን ጎሬ ነው የምኖረው፣ የራሴም ላም አለችኝ። ኮርማ ስትፈልግ በማለዳ ጎረቤቴ በር ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ ኮርማውን ይፈታል። እናቴም አብራኝ ናት። ጩኸቱን ከእኔ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፤ አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት ቢሆነውም «ኮርማ ፈለገች» የሚለው ቃል ካፏ አይወጣላትም፣ አልጋዬ ድረስ መጥታ ክንዴን ብቻ ነካ ታደርጋለች።