የሚናስ ሱሪ

ቡልቻ ሚናስን በደንብ አውቀዋለሁ ብሎ አይምልም። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ባለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤቱ አራት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠው ሠርተዋል። ልጁ ከድሬዳዋ እንደመጣ፣ ሃያ ሰባት ዓመት እንደሆነው፣ ስፌቱም እንደማይዛነፍ ያውቃል። ከዚያ በላይ ጠይቆት አያውቅም፤ ሚናስም ወሬ አይወድም።

ሌላ ሰው የማያየውን ግን ልብስ ሰፊ ያያል። ጥር ላይ ሚናስ የራሱን ሱሪ ፈትቶ ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ጨርቅ ጨመረበት። መጋቢት ላይ ደግሞ ጨመረ። ቡልቻ ደንበኞች ፊት፣ "አንተ ልጅ፣ እዚያ ሱሪህ ውስጥ ማንን አስጠግተሃል?" አለው። ሰዉ ሳቀ። ሚናስም አብሮ ሳቀና ማሽኑን መርገጥ ቀጠለ።

ነሐሴ ላይ ሳል ያዘው። ወገቡን ይዞ ከወንበሩ መነሣት ሲያቅተው ቡልቻ ሱቁን ዘግቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደው። ቡልቻ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ፈረንሳይኛ ተምሯል። ሚናስ ግን ከገበያ ሶማሊኛ በቀር አያውቅም። ስለዚህ መሃል ቆሞ የሚያስተረጉመው ቡልቻ ሆነ።

ሐኪሙ ሲመረምረው የሚናስ አንዱ የዘር ፍሬ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ስለማያመው የጨርቅ ጥቅል በማንሣት የመጣ ቡአ መስሎት ነበር። አልትራሳውንዱ ዕጢ መሆኑን አሳየ። በብሽሽቱ በኩል ቀደው አወጡለት። የደረቱ ምስል ሲመጣ ግን ሳንባው ላይም ተገኘ።

ሐኪሙ ይህ ካንሰር ወጣት ወንዶችን እንደሚይዝ፣ አዲስ አበባ ሄዶ በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት ቶሎ መጀመር እንዳለበት፣ በዚህ ደረጃም የሚድኑ ብዙ እንዳሉ፣ ለእሱ ግን ቃል መግባት እንደማይችል አስረዳ። ቡልቻ ሁሉንም ተረጎመ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ፣ ከአምስት ወር በፊት መጥቶ ቢሆን ምናልባት ቀዶ ጥገናው ብቻ ይበቃው ነበር አለ። ቡልቻ በልቡ ወደ ኋላ ቆጠረ። ቆጠራው መጋቢት ላይ ቆመ።

"ምን አለ?" አለው ሚናስ።

"ቶሎ ሂድ ነው የሚለው።"

ለመሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ሚናስ ሱቅ መጣ። ከስቷል። ያንን ሱሪ አውጥቶ የጨመረውን ጨርቅ በምላጭ መፍታት ጀመረ። ቡልቻ እጆቹን ሲያይ ቆየና፣ "ሚኑ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ባልቀልድብህ ኖሮ ትነግረኝ ነበር?" አለው።

ሚናስ የተፈታውን ክር ሳብ አድርጎ አወጣው።

"ጋሼ፣ እስቲ ያንን መቀስ ያቀብሉኝ" አለ።