መስመር የሌለው አውራ ጣት

ጎረቤቴ ጋሽ ሳሩን ሠላሳ አምስት ዓመት ዘንባባ ሲወጡ ኖረዋል። ጠዋትና አመሻሽ፣ ሃያ ዛፍ። አበባውን ቆርጠው የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ በቀርከሃ ይቀበላሉ፤ ሚስታቸው አፍልታ ስኳር ታደርገዋለች። አበባው በየቀኑ ካልተቆረጠ ይደርቃል። ቅርፊቱ እጃቸውን ፍቆ ፍቆ አውራ ጣታቸው ላይ አንዲት መስመር አላስቀረም። መታወቂያ ሊያወጡ ሲሄዱ ጸሐፊዋ፣ «አባባ፣ ይሄ ጣት ነው ወይስ ሳሙና?» ብላቸዋለች።

የአንድ ሀብታም የውሃ ሞተር ጠፋና ፖሊሶች እሳቸውን ወሰዷቸው። ለምን? ዛፎቻቸው ከሰውየው እርሻ አጠገብ ናቸው። በቃ፣ ማስረጃው ይኸው ነው!

በእኛ በካምቦዲያ ሕግ የተያዘ ሰው ጠበቃ የሚያገኘው ሃያ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያውም ለግማሽ ሰዓት። መርማሪዎቹ ይህችን ያውቋታል። ስለዚህ ሥራቸውን በሃያ ሦስተኛው ሰዓት ይጨርሳሉ። መርማሪው ራታ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ የጋሽ ሳሩንን ስኳር እየላሰ ያደገ።

«ጋሽዬ፣ ትናንት አመሻሽ እዚህ ሲያድሩ አበባውን ማን ቆረጠልዎ?»

«ማን ይቆርጣል ልጄ? ከእኔ ሌላ ሰው የለውም!»

«እንግዲያው ምን ያስቀምጥዎታል? እዚህች ላይ ይጫኑና ይሂዱ።»

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«የተለመደው ነው። ኧረ እኔን አያምኑኝም?»

እኛ ዘንድ ባለሥልጣን ወረቀት ሲዘረጋ ድሃ አውራ ጣቱን ይዘረጋል። ለእርዳታ ሩዝ፣ ለመሬት፣ ለብድር ስንጫን ኖረናል። ማን አንብቦ ያውቃል? ጋሽ ሳሩን ሦስቴ ተጫኑ፤ ሦስቴም የወጣው ቀይ እድፍ ብቻ ነው። ወረቀቱ «ሰርቄያለሁ» ይል ነበር። ወደ ዛፋቸው ሳይሆን ወደ ወህኒ ሄዱ።

የተመደበችላቸው ጠበቃ ሶቴአ ወህኒ ቤት ያገኘቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀቱን አይታ ፊቷ በራ።

«አባባ፣ ይሄ አሻራ አይደለም። የማንም ጣት ሊሆን ይችላል። ዳኛው ሲጠይቅዎ ዝም ይበሉ። ዝም ማለት መብትዎ ነው።»

«ትልቅ ሰው ጠይቆኝ ዝም ልበል? ምን ዓይነት ባለጌ ነኝ?»

«ባለጌ ይሁኑና ቤትዎ ይግቡ!»

ሳቁ። እሺ አሉ።

በችሎቱ ዕለት ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ሶቴአ እድፉን አሳይታ ስትከራከር ዳኛው እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አባት፣ ይህን የተጫኑት እርስዎ ነዎት?»

ሶቴአ በዓይኗ ለመነቻቸው። ጋሽ ሳሩን መዳፎቻቸውን ደረታቸው ላይ ገጥመው ጎንበስ አሉ።

«አዎ ክቡርነትዎ። ሦስቴ ተጭኛለሁ፤ ጣቴ አልይዝ ብሎ ነው። ሞተሩን ግን አልወሰድኩም።»

«እዚህ ሰርቄያለሁ ብለዋል።»

«እኔ እኮ ማንበብ አልችልም።»

ሁለት ዓመት ፈረዱባቸው። ሕግ አክባሪ ሰው ሕጉ ፊት እውነት ተናግሮ ታሰረ! ለማን አቤት ይባላል?

ፖሊሶቹ ሲወስዷቸው ዞር ብለው ፈለጉኝ።

«ልጄ፣ ዛፎቹን አደራ! አዲስ የሚወጣው አበባ እንዳይደርቅ!»

እሺ አልኳቸው። ዛፍ መውጣት ግን አልችልም።