ባለቤቱ እንዳይታወቅ የተገመተ ቤት

ጅጅጋ ውስጥ በአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የቤት ገማች ሆኜ ስሠራ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ መጣ። ማንኛውም ግምት ከመጽደቁ በፊት ሌላ ገማች ይመርምረው፤ መርማሪው የማን ቤት እንደሆነ እንዳይለይ ስምና አድራሻው ይጥፋ፤ ካወቀው ደግሞ ለሌላ ይተላለፍ ይላል። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሸጋ ሐሳብ ነው። እዚያ ሰው የገዛ ጎረቤቱንም አያውቅም።

የመመሪያው መሞከሪያ የሆኑት ከድንበር ከተማዋ ከቶጎጫሌ ጨርቅ እያስመጡ የሚነግዱ አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ። የጭነት መኪና ሊገዙ ፎቅ ቤታቸውን አስይዘው ብድር ጠይቀዋል። ቤቱ ከኋላው ያማረ ሰገነት አለው፤ ወደ ሰገነቱ የሚያስወጣ በር ግን የለውም። ለክቼ ገመትኩና ስማቸውንና ቀበሌያቸውን በጥቁር ቀለም ደፍኜ ለአንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አቀረብኩ። የከተማው ተወላጅ የሆኑ ሽበታም መሐንዲስ ናቸው። ንድፉን አንዴ አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎረቤቴ ናት» አሉኝ።

«ማን?»

«ሰገነቷ በር የሌለው።»

«እኔ ምንም አልነገርኩዎትም!»

«አልነገርከኝም። ምስጢር ጠባቂ ልጅ ነህ» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መመሪያው እንደሚለው ለሌላ ባልደረባ አሳለፍኩት። እሱ ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲገልጥ «ኤዶ ብድር ጠየቀች እንዴ?» አለ። ኤዶ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ጭራሽ የአክስቴን ሳሎን አሳንሰህ ገመትክ ብሎ ተቀየመኝ። ሥራ አስኪያጁ ተስፋ ቆርጦ «እዚህ የማይተዋወቅ ሰው ከየት ይምጣ? አዲስ አበባ ላከው» አለኝ።

የአዲስ አበባው መርማሪ በእርግጥም ቤቱን አላወቀውም። «በር የሌለው ሰገነት የሚሠራ የለም፤ ገማቹ ተሳስቷል፤ ተመልሶ ይየው» ብሎ ጻፈ። ለባለንብረቷ ግን ግምቱ በሌላ ሰው እየተመረመረ መሆኑ እንዳይነገር አስጠነቀቀ።

ሄድኩ። ሴትየዋ ሻይ በወተት አቀረቡልኝ።

«ለተጨማሪ ልኬት ነው እናቴ» አልኩ፣ ዓይናቸውን ሳላይ።

«የአዲስ አበባው ሰውዬ ሰገነቴን አላምን አለ አይደል?»

ሻዩ ትን አለኝ። እስኪያልፍልኝ ጠብቀው ወደ ላይኛው ክፍል ወሰዱኝና ግድግዳው ላይ ቀለሙ ፈዘዝ ያለውን ቦታ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«በር ነበረው። ግንበኛው እንዳስረከበኝ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ የጎረቤቴ ግቢ ነው። የመሐንዲሱ ሚስት ፀጉሯን ታጥባ ተገላልጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ደንግጬ ገባሁ። በማግሥቱ አስደፈንኩት። ነፋስ ከማገኝ የሰው ገመና ባላይ ይሻለኛል።»

«ሚስታቸው ያውቃሉ?»

«ምን ብዬ ልንገራት? ገንዘብ አጥሮኝ የተውኩት መስሏት አንድ ጊዜ አሮጌ በር ልትሰጠኝ ነበር» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ኮስተር አሉ። «አንተም እንዳትናገር፣ ልጄ።»

«በሩ በባለንብረቷ ፈቃድ ተደፍኗል» ብዬ ጻፍኩ። አዲስ አበባ ምክንያቱ ይገለጽ አለ። «ምስጢር ነው» ብዬ መለስኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ አፈጠጠብኝ።

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ምስጢር ነው ይባላል?»

«ምስጢር ጠብቁ ያሉን እነሱ አይደሉም?»

መረጃ በመደበቅ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ግምቱ ግን ሰገነቱ እንደሌለ ተቆጥሮ ጸደቀ፤ ሴትየዋም መኪናቸውን ገዙ።

በዚያው ሰሞን ከመሐንዲሱ ጋር ምሳ ስንበላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ጎረቤቴ በሩን አስደፍናዋለች አሉ፤ ለምን እንደሆነ ነገረችህ?»

«አልነገሩኝም» አልኳቸው።

«በዚህ ከተማ እኔ የማላውቀው ነገር ሊኖር!» እያሉ አጉረመረሙ፤ እኔ ሩዜን መብላት ቀጠልኩ።