ቡናውን አንተ አፍላ

ያን ሰሞን በደስታ አብጄ ነበር። ከሞጣ ተነሥቼ ቢቸና ለሥራ ከተመደብኩ ዓመት ሳይሞላኝ እዚያው ከተማ የምታስተምር ልጅ ወድጄ፣ እሷም ወድዳኝ፣ ሽማግሌ መላክ ብቻ ቀርቶን ነበር። መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እኔን እያዩ እርስ በርስ ይተያያሉ። እኔ ምን ቸገረኝ።

አንድ ቀን ልጅቷ ደውላ እናቷ ቤቴን ማየት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ሽማግሌ ከመቀበላቸው በፊት ልጃቸውን የሚወስደው ሰው እንዴት እንደሚኖር በዓይናቸው ሊያዩ ነው። አባትየው በዚህ ጉዳይ ከእናትየው ቃል አይወጡም፤ እናትየው እምቢ ካሉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። ልጅቷን ቀድማ መጥታ እንድትረዳኝ ለመንኳት።

«እማዬ ካወቀች ጉድ ይፈላል» አለችኝ። «ቡናውን አንተ አፍላ።»

እኔ ደግሞ ቡና ከመጠጣት በቀር ምንም አላውቅም። መቁላትና መውቀጥ እንደማይሆንልኝ ስለገባኝ የታሸገ ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁ የተቆላ ፍሬና የተፈጨ ደረደረልኝ። ፍሬው አማረኝ፤ ማሸጊያው ወርቃማ ነው። ቤት ገብቼ ቀደድኩት። ከዚያ እጄ እናቴ ስታደርግ ያየውን አደረገ፤ ትሪ ላይ ዘርግቶ ለቀመው፣ ቀጥሎም በውኃ አጠበው። የተቆላ ቡና! ውኃው አልጠራ ቢለኝ ደጋግሜ አሸሁት፤ ጥቁረቱ የቡናው የራሱ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። ፀሐይ ላይ ባሰጣው አከራዬ አይተው ሲስቁ ዋሉ።

በማግሥቱ የተፈጨውን ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ ከተከፈተ በኋላ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ብርሃን በሌለበት ቦታ ይቀመጥ ይላል። ቃሉን ጠበቅሁ። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረኝ፤ ገለበጥኩበትና ጠበቅ አድርጌ ከድኜ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። ከጎኑ እናቴ ከሞጣ ቆልታና ፈጭታ የላከችልኝ የጾም ተልባ አለ፤ እሱም በዚያው ዓይነት ጣሳ። ከዚያ በየማታው ተለማመድኩ። አንዱ ቀን መረረኝ፣ አንዱ ቀን ውኃ ውኃ አለኝ፣ በመጨረሻ ልኩን አገኘሁት። ራሴ አፍልቼ ራሴ እየጠጣሁ ራሴን አመሰገንኩ።

ቀኑ ደረሰ። ሁዳዴ ስለሆነ እናትና ልጅ ከቅዳሴ መልስ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መጡ። እናትየው ከጠዋት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ቤቱን ከጣሪያ እስከ ወለል ቃኙት። ልጅቷ አጠገባቸው ጭምት ብላለች፤ ዓይኗን እንኳ አላነሣችልኝም። እኔ ሰላምታውን ሳልጨርስ ጓዳ ገባሁ። መብራት ጠፍቷል፣ ከሰሉ ይጨሳል፣ አፍንጫዬ ምንም አይሸተውም። ጣሳውን ብድግ አድርጌ የለመድኩትን ያህል ጀበናዋ ውስጥ ጨመርኩ፤ ለክብራቸው ደግሞ አንድ ማንኪያ አከልኩ።

ጀበናዋ ግን አልገነፍል አለች። እንደ ሽሮ ትክ ትክ ትላለች። ትንሽ ብትሰክን ይሻላታል ብዬ አውርጄ ይዣት ወጣሁ። ስኒው ላይ ሳዘነብላት አንድ ጠብታ የለም። ነቀነቅኳት። ከአፏ አንድ ነገር ብቅ አለ፣ ተለጠጠ፣ ረዘመ፣ ስኒው ጋ ሳይደርስ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቀና ሳደርጋት ተመልሶ ገባ። ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀልኝ አልኩ። እሷም፣ ሠርጉም፣ ያ ሁሉ ደስታዬም ከእጄ ሲወጣ ታየኝ።

እናትየው ተነሥተው መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ጣሳውን ወደ ብርሃን አወጡት፣ አሸተቱት፣ በጣታቸው ቆንጥረው አሻሹት።

«ይህን ተልባ ማን ቆላልህ?»

«እናቴ ናት፣ ከሞጣ» አልኩ።

«እጇ ይባረክ። አላሳረረችውም።»

ውኃና ብርጭቆ ጠይቀው ራሳቸው በጠበጡት፤ ስኳር ጣል አድርገውበት ሳይተነፍሱ ጨለጡት። ብርጭቆውን አስቀምጠው ጀበናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ልጅቷም የያዘችውን ለቀቀችው፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አከራዬ ምን ሆኑ ብለው በር ላይ መጥተው ቆሙ።

ሲሄዱ እናትየው ደጃፉ ላይ ዞር አሉ።

«ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ። «ቡናውን እኛ ቤት ይጠጣሉ። አንተ አፍልተህላቸው እንዳትልክብን።»

ገና ከግቢው ሳይወጡ ጀበናዋን አቅፌ እስክስታ ወረድኩ። ከውስጧ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም።